«ናሙና» ወይስ «አምሳያ»? አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለኝ

ተርጓሚው፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካው ኤክስሲ-99 አጭር ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። ኮንቬር የተባለው ኩባንያ ለጦር ኃይሉ የሠራው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1947 ሳንዲያጎ ላይ መጀመሪያ በረረ፤ የተሠራውም አንድ ብቻ ነው። «ፕሮቶታይፕ» (ከሌሎቹ ቀድሞ ለሙከራ የሚሠራው የመጀመሪያው) የሚለውን ቃል «ናሙና» ብዬ፣ «ናሙናው አውሮፕላን እስከ 1957 ዕቃ ሲያመላልስ ኖረ» ብዬ ጻፍሁ፤ ጆሮዬ ግን አልቀበል አለኝ። ናሙና ታይቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለምን? ጽሑፉን ነገ አስረክባለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦ «አምሳያ» በለው። ሥሩ «መሰለ» ነው፤ አለቀ።

የዜማ ቤት ልጅ፦ እንግዲያው «አምሳያው አውሮፕላን አምሳያ አልነበረውም» ተብሎ ሊጻፍ ነው። 400 ወታደር ወይም 45 ቶን ያህል ጭነት እንዲይዝ የተሠራ፣ ብቻውን የቀረ ፍጡር የማን አምሳያ ይሆናል?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ዘፍጥረትን በግዕዝ ያነበበ እዚህ ላይ አይደናቀፍም። «ንግበር ሰብአ በአርአያነ ወበአምሳሊነ» ነው የሚለው። አርአያ ከ«ርእየ» ይወጣል፤ ሌላው አይቶ የሚሠራበት ማለት ነው። «አርአያ አውሮፕላን» ብለህ ጻፍ። ይህን የምለው ቅኔ ከነአገባቡ ስለተማርሁ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት ቃርሜ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ መሪጌታ፣ ማን አይቶት ሠራ? ፓን አሜሪካን አየር መንገድ የመንገደኛውን ዓይነት 15 አዝዞ ተወው። «በኩር» ይሻላል።

የዜማ ቤት ልጅ፦ በኩር ካልህ ታናሽ አምጣ።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ይህን የሚል ሰው በዓውደ ምሕረት ፊት አይቁም! ማኅፀን የከፈተ ሁሉ በኩር ነው፤ ታናሽ ቢከተለውም ባይከተለውም። የሉቃስን «በኵር» ይዘው እመቤታችን ሌላ ልጅ ወልዳለች የሚሉት የሳቱት እዚችው ላይ ነው። ስለ አውሮፕላን ብለን ሃይማኖት አናፍርስ።

የጋራዥ ሰው፦ እናንተ ሊቃውንት፣ በኩርም አይደለም። ክንፉ የቢ-36 ቦምብ ጣይ ነው፤ ያኛው ደግሞ በ1946 በርሯል። ታላቅ አለው። ስሙ ላይ ያለው «ኤክስ» የሙከራ መሆኑን ይናገራል፤ «የሙከራ አውሮፕላን» በሉት።

ተርጓሚው፦ ሙከራ ካልሁ አንባቢ ያልተሳካ ይመስለዋል። ይህ ግን ከሳን አንቶኒዮው ኬሊ ጦር ሰፈር እየተነሣ ለቢ-36 መለዋወጫ ሲያመላልስ የኖረ ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ሙከራና መከራ አንድ ሥር እንደሆኑ የሚያውቅ አለ? በግዕዝ «አመከረ» ፈተነ ነው።

የጋራዥ ሰው፦ መከራውንስ ጥገና የሠራ ያውቀዋል። ስድስት ሞተር፣ በየሞተሩ 28 ሲሊንደር፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ። 336 ካንዴላ እየፈታህ ስትገጥም ሥሩ ወዲያው ይገለጥልሃል።

ተርጓሚው፦ ወንድሞቼ፣ ታዲያ ምን ልጻፍ?

የዜማ ቤት ልጅ፦ ቆይ፣ ካንዴላ ስትሉ ትዝ አለኝ። ጣልያንኛው ሻማ ማለት ነው፤ የእኛም «ቀንዲል» ከዚያው ከላቲኑ የመጣ ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ መጽሐፈ ቀንዲልን ከጋራዥ ዕቃ ጋር አታዛምድ!

የዜማ ቤት ልጅ፦ በግሪክና በዐረብኛ በኩል ዞሮ ነው የመጣው፣ መሪጌታ። ዘመድ አይመረጥም።

ፊደል ቆጣሪ፦ በዐረብኛ ከሆነ «ናሙና»ም የፋርስ ነው፤ ለእርሱ ሌላ ርእስ ልክፈት።