ቱቦ ውስጥ ለሚኖሩት ሰዎች ምን ይዘን እንሂድ? (ላስ ቬጋስ)

የሌሊት ሹፌር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ላስ ቬጋስ ታክሲ ስነዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁሌም ሌሊት። ካዚኖዎቹ ከተደረደሩበት ጎዳና፣ ከስትሪፑ ጀርባ መኪናዬን አቁሜ ቡና የምጠጣባት ቦታ አለች። አጠገቧ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ቦዩ ትንሽ ሄዶ ቱቦ ሆኖ መሬት ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት ሴት ብስክሌት እየገፋች ወጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን በጨርቅ አደራረቀች፣ ጫማዋን አደረገች፣ በመኪናዬ መስታወት ፀጉሯን አስተካከለች። «ጉድ ሞርኒንግ» ብላኝ ሄደች። ልክ ሥራ እንደሚገባ ሰው።

ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በነዚያ ሁሉ መብራቶች ሥር ሰው ይኖራል ሲባል እሰማ ነበር፣ ዓይኔ እስኪያይ ግን ወሬ ነበር የሚመስለኝ። ከማኅበራችን ልጆች ጋር አዋጥተን 40 ብርድ ልብስ ገዛን። ቅዳሜ ማታ ወርደን ልናድል ነው። ሌላ ምን ብንይዝ ይሻላል? የሄደ ካለ ይምከረን።

ዝም አይነቅዝም፦

ሐሳብህ ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን እዚያ ያስቀመጣቸው ሱስ ነው። ብርድ ልብሱን በማግስቱ ይሸጡታል። ከተማው ቤት ለሌላቸው ማደሪያ፣ ሼልተር አለው። የማይሄዱት ስለማይፈልጉ ነው።

ባለ ካልሲዋ፦

ወንድሜ ሹፌሩ፣ የብርድ ልብሱን ደረሰኝ ጥለኸዋል? ካልጣልከው ሂድና መልሰው። ልብህን ላቀዘቅዝ ብዬ አይደለም። ከአንድ ቡድን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቦ አፍ ላይ መቆም ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ብርድ ልብስ እዚያ ውስጥ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። እሱስ ይሁን። ዋናው ነገር ዕቃ ይሆናል። ዕቃ የበዛበት ሰው ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ቶሎ አይወጣም። አንዱ ፍራሹን ጋሪ ላይ ለመጫን ሲታገል ውሃው ወገቡ ደርሶ፣ ጎረቤቶቹ ናቸው በኮቱ ጎትተው ያወጡት። ፍራሹንም አጣው፣ ጋሪውንም አጣው።

ቱቦዎቹ የተሠሩት ለውሃ እኮ ነው። ክፍቱ ቦይና የተሸፈነው ተደምሮ ወደ 600 ማይል ይሆናል። እዚህ በዓመት የሚዘንበው 4 ኢንች ገደማ ነው፣ ግን ሲመጣ ባንዴ ነው የሚመጣው። መሬቱ ድርቅ ያለ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም። አንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ተራራው ላይ ይዘንባል። ያ ውሃ ሌክ ሚድ ወደሚባለው ሐይቅ ሲወርድ በነሱ መኝታ በኩል ነው የሚያልፈው። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደመና ካየን እኛም ዝር አንልም።

ዝም አይነቅዝም፣ ሱሱን አልክድህም፣ አለ። ግን ስለ ሼልተሩ ስጠይቃቸው አንዱ «ውሻዬን የት ላድርጋት?» ይላል። ሌላዋ ከባሏ ተለይታ ማደር አትፈልግም። ሌላው ሌሊት ሥራ አለው፣ የመግቢያው ሰዓት አይመቸውም። ላይ እንዳያድሩ ደግሞ ከተማው በ2019 ሕግ አወጣ። ሕጉ ሲወጣ፣ ሼልተር ውስጥ ቦታ እያለ መሀል ከተማ አስፋልት ዳር የተኛ ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ወይም እስከ ስድስት ወር እስር ነበር። ሙቀቱን ጨምርበት። በ2024 ጁላይ 120 ፋራናይት ገብቶ የከተማዋን ሪከርድ ሲሰብር፣ ቱቦው ውስጥ ቀዝቀዝ ይል ነበር። አንተ ብትሆን የት ትሄዳለህ?

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ማታ አትሂዱ። ብቻችሁንም አትግቡ። ሻይን ኤ ላይት የሚባል ድርጅት አለ፤ ማቲው ኦብራይን የተባለ ጋዜጠኛ በ2009 የመሠረተው ነው። እዚያ ከሚሠሩት ውስጥ ራሳቸው ቱቦ ውስጥ ኖረው የወጡ አሉ። ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። አፉ ላይ ቆማችሁ ተጣሩ፣ የሰው ቤት ነው። ባትሪውን ፊት ላይ አታብሩ። ፎቶ የሚባል ነገር አይታሰብም።

የሚያዘው ቀላል ነው፦ ውሃ፣ ካልሲ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ እርጥብ ሶፍት፣ የሴቶች ሞዴስ፣ የውሻ ምግብ። ካልሲ የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ እግራቸው ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ናርካን ያዙ፣ አጠቃቀሙንም ተማሩ። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ፌንታኒል የሚባለው ኃይለኛ አደንዛዥ ዕፅ ትንፋሹን ያቆመበትን ሰው ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አንድ ሰውዬ ነበር፣ አይዲውንና የልደት ወረቀቱን በለውዝ ቅቤ ዕቃ ከድኖ ከራስጌው ሽቦ ላይ የሚያንጠለጥል። አንድ ቀን ጎርፉ ከነሽቦው ወሰደው። ያለ አይዲ ቤት የለም፣ ሥራ የለም፣ ሕክምና ለመግባትም መከራ ነው። እኛ ግን ያኔ ይህን አናውቅም ነበር። ለአሥራ አራት ወር ካልሲ ተቀብሎን «ሌላ ነገር አልፈልግም» እያለ ይመልሰን ነበር። አንድ ቅዳሜ ካልሲውን አልተቀበለም። «ዛሬ ውሰዱኝ» አለ።

መኪና ነበረን። ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ካላነጠፍኩ አልቀመጥም ብሎ በር ላይ ቆሞ አስቸገረን። ኮርትያርድ ወደሚባለው የከተማው ማዕከል ወሰድነው፣ የአይዲውን ጉዳይ እዚያ ጀመሩለት። አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ያን ቀን «ሰኞ እንመጣለን» ብለነው ቢሆን፣ ሰኞ እሺታው ባልነበረ። ብዙ ጊዜ እሺ የሚለን ሰው አለ፣ የሚያደርሰው መኪና ግን የለም። አንተ ደግሞ ታክሲ አለህ፣ ሌሊትም ነቅተህ ነው የምታድረው። ከ40 ብርድ ልብስ ስልክህን ብትሰጠኝ ይሻለኛል።

ስሜ ይቅር፦

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። ሀበሻ ነኝ። በ2017 ሰባት ወር እዚያ ኖሬያለሁ። ቁማር ነው። ካዚኖ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ደሞዜን ማዶ ያለው ካዚኖ ሄጄ እጥለው ነበር። መጀመሪያ ቤቴ ሄደ፣ ከዚያ መኪናዬ።

አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሀያ ሆናችሁ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ እንዳትመጡ። አማርኛ ስሰማ ወደ ውስጥ ነበር የምሸሸው። ከጎርፉ ይልቅ የምፈራው የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነበር። ሀበሻ ካገኛችሁ «የማን ልጅ ነህ? ከየት ሰፈር ነህ?» አትበሉት። ውሃውን ሰጥታችሁ ስለ ኳስ አውሩት። እኔን ያወጣችኝ ሴት ስሜን የጠየቀችኝ በሁለተኛው ወር ነው።

ዝም አይነቅዝም፦

የውሻውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ውሻዬ ከሞተች ወዲህ ሁለት ከረጢት ምግብ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጊዜው አላለፈም። የሚወስድ ካለ።

የሌሊት ሹፌር፦

31ዱን መለስኩ። ዘጠኙ ተከፍተዋል፣ አልቀበልም አለኝ፤ ለሼልተሩ እሰጣቸዋለሁ። በብሩ ካልሲና ናርካን ገዛን።

ዝም አይነቅዝም፣ ከረጢቶቹን ዛሬ ማታ መጥቼ እወስዳለሁ። ስሜ ይቅር፣ ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው፣ ቲሸርትም የለም።

ባለ ካልሲዋ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሻለሁ። ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶ ነኝ፣ ደውዪ። ባትሪ አለኝ። ቦት ጫማዬ ግን በጎኑ ተሰንጥቋል፣ ለቅዳሜ ይሆናል?

ባለ ካልሲዋ፦

አይሆንም። ስንት ቁጥር ነህ? ቤት ትርፍ አለን።