ስለ ነገ ስጠይቃት አንገቷን የምትደፋ ተማሪ

ሰሜን ወሎ፣ መርሳ ከተማ አካባቢ 6ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ 54 ልጆች አሉኝ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ገና ፊደል የሚቆጥሩ ነበሩ። ዛሬም በረዶ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ዴስክ ሥር የሚገቡ አሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስናይደር ተስፋን በሦስት ነገር ያየዋል፦ ግብ፣ ወደ ግቡ የሚያደርሱ መንገዶች፣ «እችላለሁ» የሚል ጉልበት። «መንገዶች» ማለቱን ወድጄዋለሁ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ትንሽ ግብና ሁለት መንገድ አጽፋቸዋለሁ። ለብዙዎቹ ሠራ፤ ማባዛት ያስቸገረው ልጅ ማታ ማታ ከእህቱ ጋር እያጠና አሁን የ7ን ብዜት በቃሉ ይወጣዋል።

አራት ልጆች ግን ወረቀቱን ባዶውን ይመልሱልኛል። አንዷን ለብቻዋ ቀስ ብዬ ብጠይቃት «አባቴም ለመስከረም ቤቱን አድሳለሁ ይል ነበር» አለችኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀረች። እናቷ ዘንድ ሄጄ ቡና ጠጥተን ተነጋገርን፤ ልጅቷ ተመልሳለች፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን አንገቷን ትደፋለች። «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ማለቱንም ተውኩት፤ ሸክም ሲሆንባት አይቻለሁ። በአቅራቢያችን የሥነ ልቦና ባለሙያ የለም።

ማቀድ ራሱ ሐዘኗን ለሚቀሰቅስባት ልጅ፣ ስለ ነገ ሳልጠይቃት ተስፋን ከምን ልጀምርላት?