በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆላንድ ሠዓሊዎች የከተማን ኑሮ እንዴት ሣሉት?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ሆላንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ስለ ሬምብራንትና ስለ ቨርሜር ዘመን የሚነበብ አላጣሁም፤ ከ1800 እስከ 1820 እ.ኤ.አ. ስለነበሩት ሠዓሊዎች ግን ብዙም አላገኘሁም። ያየኋቸው ጥቂት የከተማ ሥዕሎች ጸጥ ያሉ ናቸው። አገሪቱ በናፖሊዮን ሥር በነበረችበት ዘመን ይህ ጸጥታ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከባሕር ዳር
መምህር፣ ከፊሉ ውርስ ነው፤ የዘመኑ ሠዓሊዎች የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሥራዎች እንደ አብነት ይዘው ያጠኑ ስለነበር፣ የጸዳ ጎዳናንና ከመስኮት የሚገባ ብርሃንን ከዚያው ወርሰዋል። ይሁን እንጂ ከተማዋ ራሷም ቀዝቅዛ ነበር። ናፖሊዮን በ1806 ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲያግድ በባሕር ንግድ የምትኖረው አምስተርዳም ክፉኛ ተጎዳች፤ በ1810 ደግሞ አገሪቱ ጭራሽ ወደ ፈረንሳይ ግዛት ተጠቃለለች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በ1809፣ ሠዓሊው ቫን ትሮስትዌይክ ከአምስተርዳም ከተማ መግቢያ በሮች አንዱን «ራምፖርትዬ»ን በበረዶ ቀን ሣለ። ታላቅ ሕንፃ ወይም የጦር ሰልፍ አልመረጠም፤ ሰው በየዕለቱ የሚያልፍበትን ተራ በር ግን የመታሰቢያ ያህል አክብሮ ሣለው። በማግስቱ ዓመት፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ሞተ።

መልስ፦ ከሞጣ
የባሕር ዳሩ ወንድሜ ያሉት እውነት ቢሆንም፣ ሁሉንም ነገር በፖለቲካው ማስረዳት አይበቃም እላለሁ። ዮሐንስ የልገርሃውስ፣ ተዋናይም ሠዓሊም የነበረው ሰው፣ ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በ1820 የሣለው የአምስተርዳም መጻሕፍት መሸጫም ያው ጸጥ ያለ ነው። መምህር፣ እኔ ብሆን ትምህርቱን የምጀምረው በዚህ ሥዕል ነበር፤ ምክንያቱም የአንድን ሥራ አካሄድ በግልጽ ያሳያል። በመደርደሪያው የተከመረው አብዛኛው ያልተጠረዘ ወረቀት ነው፤ ገዢው ወረቀቱን ወስዶ ለጠራዥ ይሰጥ ነበር። በጎጃም ደብሮች ጸሐፊው ሌላ ደጓሹ ሌላ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቁ ተማሪዎች ይህን ወዲያው ይረዱታል። ሠዓሊው ብርሃኑን ከመንገዱ በኩል አስገብቶ በወረቀቱ ክምር ላይ ማሳረፉንም ያሳዩአቸው፤ የዕለት ሥራን ያከበረው በዚሁ ነው።

ሁለቱም ሥዕሎች በአምስተርዳሙ ራይክስሙዝየም ይገኛሉ፤ ምስላቸውን ከሙዝየሙ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል።