የዓለም ኢኮኖሚ ሲለወጥ የረጅም ጊዜ ጥሪትን ማዛወር ይገባል ወይ?

ጥያቄ፦ «ቆጣቢ»

ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ከደመወዜ ላይ በየወሩ እየቀነስኩ ጥሪት ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። ግማሹን የመላው ዓለም ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት በሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ የመክፈያ ጊዜያቸው ሩቅ በሆነ የመንግሥት ቦንዶች ላይ አውዬዋለሁ። ስጀምር የተሰጠኝ ምክር አክሲዮን ሲወድቅ ቦንድ ይደግፈዋል የሚል ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም እንደተባለው ሲሆን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ አብረው ወረዱ። ከጎደለው ገንዘብ ይልቅ ያስደነገጠኝ ደጋፊ ይሆናል ብዬ የተማመንኩበት ምሰሶ ከሚደግፈው ጋር አብሮ መዝመሙ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማነበው ሁሉ የዓለም ኢኮኖሚ መልኩን እየቀየረ መሆኑን ይነግረኛል። በበለጸጉት አገሮች ለዓመታት ዜሮ አጠገብ የቆየው ወለድ ከፍ ብሏል፤ አገሮች በቀረጥ እየታጠሩ ነው፤ ፋብሪካዎች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየተዛወሩ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሥራን ባሕርይ ይለውጣል ይባላል፤ ማዕከላዊ ባንኮችም ወርቅ በብዛት ገዝተዋል። እናም ቦንዶቹን ሸጬ ገንዘቡን በከፊል ወደ ወርቅ፣ በከፊል ደግሞ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ላዛውረው ወይስ ባለሁበት ልጽና? ዓለም ሲለወጥ ቆሞ መመልከት ስንፍና እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ዜና ኋላ መሮጥም ያጠራቀምኩትን እንዳያሳጣኝ እፈራለሁ። ልምድና ዕውቀት ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «መዝገብ ያዥ»

ቦንዶቹን ለመሸጥ ከመወሰንዎ በፊት በ2022 ለምን እንደወረዱ በቁጥር ቢመለከቱት ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ዜሮ አጠገብ የነበረውን የወለድ ተመን ከማርች 2022 ጀምሮ ደጋግሞ በማሳደግ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው፤ ለዚህ ያበቃውም በጁን 2022 በአገሪቱ 9.1 በመቶ የደረሰው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ነበር። ወለድ ሲጨምር ቀደም ሲል የተሸጠ ቦንድ ዋጋው መውረዱ ስሌት ነው። በዓመት 2 በመቶ የሚከፍል፣ ዋናው ገንዘብ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመለስ የ1,000 ዶላር ቦንድ ይዘዋል እንበል። ገበያው ዛሬ ለተመሳሳይ አዲስ ቦንድ 5 በመቶ የሚከፍል ከሆነ የእርስዎን በ1,000 ዶላር የሚገዛ ሰው አይገኝም፤ ገዢውም 5 በመቶ እንዲያገኝ ዋጋው ወደ 768 ዶላር ገደማ መውረድ አለበት። ያው ቦንድ የመክፈያ ጊዜው ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ቢሆን ኖሮ ግን 944 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። ተበዳሪው ያው፣ የወለዱ ጭማሪም ያው ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ከአራት እጥፍ በላይ የሚለያየው በመክፈያው ጊዜ ርዝመት ብቻ ነው።

ስለዚህ የጎዳዎት ቦንድ መያዝዎ ሳይሆን የያዙት ቦንድ ረጅም መሆኑ ነው። በማርች 2023 የተዘጋው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክም የወደቀው በዚሁ ስህተት ነበር። አስቀማጮች በማንኛውም ቀን ሊጠይቁት የሚችሉትን ገንዘብ የመክፈያ ጊዜያቸው በራቀ ሰነዶች ላይ አስሮት ስለነበር፣ አስቀማጮች የሚያወጡት ገንዘብ ሲበዛበት 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሰነዶችን ሸጦ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፤ ይህ እንደተሰማም አስቀማጮቹ ገንዘባቸውን ለማውጣት ተረባረቡ። ሰነዶቹ በአብዛኛው የመንግሥት ወይም መንግሥት ዋስ የቆመላቸው ነበሩና ተበዳሪው አይከፍልም ተብሎ የሚሠጋባቸው አልነበሩም። ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ግን አልተገጣጠሙም።

ሁለቱ አብረው ስለመውረዳቸው ደግሞ እንዲህ ልበል። ቦንድ አክሲዮንን የሚደግፈው የኢኮኖሚው ችግር የፍላጎት መቀዝቀዝ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ማዕከላዊ ባንኮች ወለድ ስለሚቀንሱ የነባሩ ቦንድ ዋጋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ይህ ነበር። ችግሩ የዋጋ ንረት ሲሆን ግን ወለድ ይጨምራል፤ የወለድ ጭማሪ ደግሞ የቦንዱንም የአክሲዮኑንም ዋጋ ያወርዳል። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ለአንደኛው ዓይነት ችግር ብቻ የተሰፋ መሆኑ ግን አልተነገርዎትም።

ዛሬ ቢሸጡ ምን እንደሚያጡም ያስቡ። በምሳሌዬ ላይ ዋጋው የወረደው ሰነድ ለሚገዛው ሰው እስከ መክፈያው ቀን በዓመት 5 በመቶ ያስገኝለታል። ይህን ገቢ ለሌላ አሳልፈው መስጠት ያለብዎት የተሻለ ምትክ ካገኙ ብቻ ነው። ለመሆኑ ገንዘቡን የሚፈልጉት መቼና ለምን ነው? ይህን ሳይነግሩን የምንሰጥዎ ምክር ሁሉ ግምት ይሆናል።

መልስ፦ «ዘመን ቆጣሪ»

ስለ ቦንድ የተሰጠው ማብራሪያ በቂ ነው፤ እኔ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ልናገር። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉ ይመስለኛል፤ አንደኛው ለውጡ እውነት ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው እውነት መሆኑ ዛሬ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው ያተርፋል ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው አዎን ብሎ ለሁለተኛው አይደለም ማለት ይቻላል፤ በታሪክም ተደጋግሞ ታይቷል።

የኢንተርኔት መሣሪያዎችን የሚሠራው ሲስኮ እ.ኤ.አ. በማርች 2000 በገበያ ዋጋ ለጥቂት ጊዜ የዓለም ቀዳሚ ኩባንያ ሆኖ ነበር፤ የአንድ አክሲዮኑ ዋጋም ወደ 80 ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት ኢንተርኔት ንግድን፣ መገናኛንና ሥራን ይለውጣል ብለው ያመኑ ሰዎች ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም የሆነው ከጠበቁት በላይ ነው። የኩባንያው ዓመታዊ ሽያጭም እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረው 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነስቶ በ2023 ወደ 57 ቢሊዮን ዶላር አደገ። አክሲዮኑ ግን እስከ 2002 ድረስ ከ80 በመቶ በላይ የወደቀ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በኋላም እንኳ ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰም ነበር። ገዢዎቹ የተጎዱት ስለ ወደፊቱ በተሳሳተ ትንበያ አልነበረም፤ ትክክለኛ ለሆነው ትንበያ ከመጠን ያለፈ ዋጋ በመክፈላቸው ነበር። በ1840ዎቹ የብሪታንያ የባቡር ሐዲድ አክሲዮን የገዙ ብዙ ሰዎች ከስረዋል፤ ሐዲዱ ግን ተሠርቶ አገሪቱን ለውጧል።

ዋጋ በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ሙሉ ገበያ ላይም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። የጃፓኑ ኒኬይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጨረሻ የግብይት ቀን 38,915 ነጥብ ላይ ከዘጋ በኋላ ያን ቁጥር ዳግም ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ የጃፓን ኩባንያዎች መኪና፣ ማሽንና ኤሌክትሮኒክስ ለዓለም መሸጣቸውን አላቋረጡም።

ከሁሉ በላይ እንዲያስተውሉት የምፈልገው ግን ይህ ነው። የዓለም ኢንዴክስ ፈንድ ኩባንያዎችን በአብዛኛው የሚይዘው በገበያ ዋጋቸው መጠን ስለሆነ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት ዋጋቸው ያደገ ኩባንያዎች በእርስዎ ድርሻ ውስጥ አስቀድመው ትልቅ ቦታ ይዘዋል። ለብቻው ተጨማሪ ሲገዙ አዲስ ነገር አይጨምሩም፤ ባለዎት ላይ ሌላ እጥፍ ይደርባሉ እንጂ። ይህን ሳያውቁ የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ባይሆንብዎ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ «ሩቅ ተመልካች»

በወርቅ በኩል የተለየ ሐሳብ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ምዕራባውያን አገሮች የሩሲያን ማዕከላዊ ባንክ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ክምችት ማገዳቸው የመንግሥታትን ስሌት ለውጧል። በሌላ አገር መዝገብ ላይ የተጻፈ ሀብት ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ ላያገኘው እንደሚችል ሁሉም አየ። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በእያንዳንዱ ዓመት ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ የገዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ግለሰቦችም ቀምሰውታል፤ በዚያው ዓመት ታዋቂው የኢንዴክስ አዘጋጅ ኤምኤስሲአይ የሩሲያን አክሲዮኖች ከዜሮ በማይለይ ዋጋ ከመለኪያዎቹ ሲያስወጣ የውጭ ባለ አክሲዮኖች በእጃቸው የነበረውን መሸጥ እንኳ አልቻሉም። ይህ ዓይነቱ ስጋት በወለድ ስሌት አይለካም፤ ስለዚህ የጥሪትን ጥቂት ክፍል በወርቅ መያዝ ተገቢ ነው እላለሁ።

መልስ፦ «ዘመን ቆጣሪ»

ጥቂት ክፍል ካሉ አልቃወምም፤ ስጋቱም እውነተኛ ነው። ሆኖም ማዕከላዊ ባንክና ደመወዝተኛ ቆጣቢ የተለያየ ዕዳና የተለያየ ዕድሜ አላቸው። የወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 በአውንስ 850 ዶላር ከደረሰ በኋላ በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዷል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ የዕቃዎች ዋጋ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በ1980 የዋጋ ንረትን ፈርቶ ወርቅ የገዛ ሰው ንረቱን በትክክል ፈርቷል፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ወለድም የትርፍ ድርሻም የማይከፍል ነገር ይዞ ደኽይቷል። ዋጋው አስቀድሞ ከወጣ በኋላ የሚገቡ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስቡት እመኛለሁ። የሩሲያው ምሳሌም ቢሆን የሚያስተምረው ሀብትን በአንድ አገር አለማከማቸትን ነው፤ በመላው ዓለም ፈንድ ውስጥ የሩሲያ ድርሻ ትንሽ ስለነበር ጉዳቱም በዚያው ልክ ትንሽ ነበር።

መልስ፦ «አስመጪ»

እኔ ኢንቨስተር ሳልሆን ነጋዴ ነኝ፤ ለውጡን ከሌላ አቅጣጫ ስለማየው ባካፍል አይከፋም። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 አንድ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ሲዘጋ ጭነቴ ከኋላ ከቆሙት መካከል ነበር፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ መዞር ጀመሩ። ቀድሞ ዕቃ የማዝዘው በሚያስፈልገኝ ሳምንት ልክ ነበር፤ አሁን የሦስት ወር ክምችት እይዛለሁ። የክምችት ወጪ ደግሞ መጋዘን ብቻ አይደለም። የሥራ ማስኬጃውን ገንዘብ የምበደረው ከባንክ ስለሆነ፣ ወለድ ከፍ ባለበት ዘመን መደርደሪያ ላይ የተኛ እያንዳንዱ ካርቶን በየቀኑ ወለድ ይቆጥርብኛል። የመንገዱ መርዘምና የወለዱ መጨመር ተደራርበው ከማንኛውም ቀረጥ በላይ ትርፌን አሳንሰውታል።

ዓለም አቀፍ ንግድ እየሞተ ነው የሚለውን ግን በሥራዬ አላየሁትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በቻይና ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ከጣለች በኋላ በ2023 ሜክሲኮ ከቻይና በልጣ የአሜሪካ ቀዳሚ ዕቃ ላኪ ሆናለች፤ ሆኖም የቻይና አጠቃላይ የሸቀጥ ንግድ ትርፍ (ወደ ውጭ የላከችው ካስገባችው የሚበልጥበት መጠን) በ2024 ወደ አንድ ትሪሊዮን ዶላር ተጠግቷል። ንግዱ መንገዱን ቀየረ እንጂ አልቆመም። ብዙ ጊዜ ዕቃው በሦስተኛ አገር ይገጣጠማል፣ ክፍሎቹ ግን ከቀድሞው ፋብሪካ ይመጣሉ፤ ተጨማሪውን ወጪ የምንከፍለው እኔና ደንበኞቼ ነን። ጠያቂያችን የሚሰጉት ስለ ዋጋ ንረት ከሆነ አንዱ ምንጩ ይህ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያልፍም አይመስለኝም።

አስተያየት፦ «ቆጣቢ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «መዝገብ ያዥ» ለጠየቁኝ መልሴ፦ ከጥሪቴ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ከአራት ዓመት በኋላ ለልጄ የከፍተኛ ትምህርት ክፍያ እፈልገዋለሁ፤ የቀረውን ጡረታ እስክወጣ፣ ማለትም ለሃያ ዓመት ያህል አልነካውም። እስከ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ነበር የማስባቸው። የኢንዴክስ ፈንዴንም ዝርዝር ተመለከትኩ፤ በእርግጥ ልገዛቸው ያሰብኳቸው ኩባንያዎች ከላይኞቹ አሥር ውስጥ ናቸው።

መልስ፦ «መዝገብ ያዥ»

እንግዲያውስ ለሁለት ይክፈሉት። ለትምህርቱ የሚውለው አንድ አምስተኛ ክፍያው በሚደርስባቸው ዓመታት በሚመለሱ አጫጭር ቦንዶች ወይም በጊዜ ገደብ ቁጠባ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በሚያስከፍለው ገንዘብ ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ። ወለድ ቢወጣም ቢወርድም ዋናው ገንዘብ በሚያስፈልግዎ ቀን ስለሚመለስ በመካከል ያለው የገበያ ዋጋ አይነካዎትም። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከረጅሞቹ ቦንዶች ላይ መሸጥ ቢያስፈልግ እንኳ ኪሳራውን ተቀብለው ያድርጉት፤ የአራት ዓመት ፍላጎትን በሃያ ዓመት ሰነድ ላይ መተው በ2022 ያዩትን ለመድገም መፍቀድ ነው።

ለጡረታው ክፍል በ3 በመቶ የዋጋ ንረት እንኳ ገንዘብ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙን በግማሽ እንደሚያጣ አስበው፣ የአክሲዮኑን ፈንድ እንደያዙ በየወሩ ማስገባቱን ይቀጥሉ። ከቀሩት ረጅም ቦንዶች ከፊሉን ከዋጋ ንረት ጋር ዋና ገንዘባቸው በሚስተካከል የመንግሥት ቦንዶች መተካት ከወርቅ ይልቅ ለሚፈሩት ነገር የቀረበ መልስ ይመስለኛል፤ ነገር ግን እነርሱም የመክፈያ ጊዜያቸው ሲረዝም በወለድ ጭማሪ ዋጋቸው ይወርዳል፤ በ2022ም ወርደዋል። ስለዚህ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት የወለዱን መጠን ሳይሆን የመክፈያውን ቀን ይሁን።