መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን በምን አወቅን? «ማን ወሰነ?» ላለኝ ሰው ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ የሄርማታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ሄርማታ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ሚዛን ላይ የሚሠራ አንድ ሙስሊም ወንድም አለ፤ በጣም የማከብረው ሰው ነው። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ቁርአን ከአላህ ለነቢዩ የወረደ ነው ብለን እናምናለን። እናንተ ግን ይሄን ማቴዎስ ጻፈው፣ ያንን ጳውሎስ ጻፈው ትላላችሁ። ሰው ከጻፈው የእግዚአብሔር መሆኑን በምን አወቃችሁ? ማን ነው የወሰነው?» ሊረታኝ ፈልጎ አይደለም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16ን ጠቀስኩለት። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» የሚለውን። «እሱማ መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የራሳችን ቤት ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ለሷ 81 ነው። ታላቅ ወንድሜ ጴንጤ ከሆነ ቆየ፤ የሱ 66 ነው። ካቶሊኮቹ ደግሞ 73 ይላሉ። «መጀመሪያ እናንተው ተስማሙ» ቢለኝ መልስ የለኝም። ለሌላ ሰው ላስረዳው የምችለው ነገር ንገሩኝ። እባካችሁ መሰዳደብ አይኑር።

መልስ፦ የካምፓስ ልጅ

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ መንፈስ ቅዱስ በልብ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህር ካልቪንም ይህንኑ ነው ያስተማረው። ሮሜ 8ን ሳነብ የሚያናግረኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አያስክደኝም።

ሌላው ትንቢት ነው። ኢሳይያስ 53ን አንብቢለት። «ክርስቲያኖች በኋላ የጨመሩት ነው» ካለሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻ ውስጥ የተገኘ የኢሳይያስ ጥቅልል አለ በይው። ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት የተገለበጠ ነው። ምዕራፍ 53 እዚያ ላይ አለ። ተባረኪ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጅማ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል። ጥያቄው የከበረ ነው፤ ባልደረባሽን በርታ በይው።

የካምፓሱ ልጅ የተናገረውን የልብ ምስክርነት አልነካውም። እኔም የምኖረው በሱ ነው። ግን ልብሽ ውስጥ ያለውን አውጥተሽ ሚዛን ላይ ለሚሠራው ሰው ልታሳዪው አትችዪም። እሱም ቁርአን ሲቀራ ልቡ ይነካል። ስለዚህ ከዚያ አትጀምሪ። ከክርስቶስ ጀምሪ።

እንዲህ ማለቴ ነው። እኛ «መጽሐፉ የእግዚአብሔር ነኝ ስላለ አመንነው» አንልም። መጀመሪያ ምስክሮች ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የመጀመሪያውን መልእክት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ55 አካባቢ ነው። ከስቅለቱ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። በ15ኛው ምዕራፍ የተነሣውን ጌታ ከአምስት መቶ የሚበዙ ወንድሞች እንዳዩት ይናገርና፣ አብዛኞቹ እስከ አሁን በሕይወት አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ ማለት እኮ ነው! ሐሰት የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይደፍርም። በዚህ ምስክርነት ጌታ መነሣቱን ካመንሽ፣ ቀጥሎ የምትጠይቂው እሱ ራሱ መጻሕፍቱን እንዴት ያያቸው እንደነበር ነው። ሉቃስ 24፥44 ላይ የሙሴን ሕግ፣ ነቢያትንና መዝሙራትን ስለ እኔ የተጻፉ ናቸው አለ። ብሉይን የተቀበልነው ከሱ እጅ ነው። ሐዲሱን ደግሞ እሱ ከላካቸው ሐዋርያት።

«ሰው ጻፈው» ለሚለው አትሸማቀቂ። አዎ፣ ሰው ጽፎታል። ማንም አልደበቀውም። 2ኛ ጴጥሮስ 1፥21 «ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ» ይላል። ባልደረባሽ የሚያውቀው የመውረድ ትምህርት ሌላ ነው፣ የእኛ ሌላ ነው። እግዚአብሔር አሞጽን ከመንጋው ኋላ ወስዶ በአሞጽ አንደበት ተናገረ። ልዩነቱን በፍቅር አስረጂው እንጂ በቁርአን ላይ አትነሺበት። የእሱ መጽሐፍ ቢነቀፍ የአንቺ አይጸናም።

አሁን «ማን ወሰነ» ወደሚለው ልምጣ። ብዙ ሰው እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ ጳጳሳት ተሰብስበው ድምፅ ሰጥተው መረጡት ይላል። ትክክል አይደለም። ኒቅያ የተሰበሰቡት በዋናነት «ወልድ ፍጡር ነው» ባለው በአርዮስ ጉዳይ ነው። ጉባኤው ባወጣቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር የለም።

ታዲያ እንዴት ሆነ? አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ አንጾኪያ ላይ ሰራፕዮን የሚባል ጳጳስ ነበር። ሮሶስ የምትባል ከተማ ያሉ ምእመናን «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚባል መጽሐፍ ያነባሉ። በዚያም ጭቅጭቅ ተነሣ። ሊጎበኛቸው ሄደ። መጽሐፉን አላነበበውም ነበርና፣ ጠባቸው ይሄ ብቻ ከሆነ ይነበብ አላቸው። ኋላ ግን ከመጽሐፉ ጀርባ የተሳሳተ ትምህርት እንዳለ ሰማ። ያን ጊዜ ቅጂውን ተውሶ ራሱ አነበበው። አብዛኛው ደህና ነው። ግን ጌታ በእውነት ሥጋ አልለበሰም ከሚሉት ወገኖች የመጡ ጭማሪዎች አገኘበት። ወዲያው ጻፈላቸው፦ ጴጥሮስንና ሐዋርያትን እንደ ክርስቶስ እንቀበላለን፣ በስማቸው በሐሰት የተጻፈውን ግን ከአባቶች አልተረከብንምና አንቀበልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እዪው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ስም ትልቅ ነው፤ የጴጥሮስ ነው። ስሙ ብቻ ግን አላሳለፈውም። ከሐዋርያት ነው ወይ? አብያተ ክርስቲያናት ከጥንት ሲያነቡት ነበር ወይ? ከተረከብነው እምነት ጋር ይስማማል ወይ? የተመዘነው በዚህ ነው። ዕብራውያን በምዕራብ፣ ራእይ በምሥራቅ ብዙ ዘመን አከራክረዋል። ያዕቆብ፣ ይሁዳ፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስም እንደዚሁ። አባቶች ያገኙትን ሁሉ የሚውጡ ሰዎች አልነበሩም። እኔን የሚያጽናናኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ነገሩ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ303 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ቅዱሳት መጻሕፍት ተለቅመው እንዲቃጠሉ አዘዘ። ወታደር በር ላይ ቆሞ መጽሐፍ አምጣ ሲልሽ፣ የትኛውን ሰጥተሽ የትኛውን ደብቀሽ እንደምትሞቺ ማወቅ አለብሽ። ዘመነ ሰማዕታት የምንለው ያ ነው። ምእመናን ለየትኛው መጽሐፍ እንደሚሞቱ የወሰኑት ማንም ጉባኤ ዝርዝር ሳያወጣላቸው ነው።

ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ367 የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ለፋሲካ በላከው ደብዳቤ ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስም ጠራ። አትናቴዎስ ማን ነው? ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ሰው ነው። ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

መጋዘን ስለምትሠሪ አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ቀማሹን አይተሽዋል። ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ሙቅ ውኃ አፍስሶ፣ በማንኪያ ሳብ አድርጎ ይቀምሳል። ከዚያ ደረጃ ይሰጣል። ቡናውን ጥሩ ያደረገው ግን እሱ አይደለም። ጥሩነቱ ከዛፉ ጀምሮ ነበረ። ቤተ ክርስቲያንም ለመጻሕፍቱ ሥልጣን አልሰጠቻቸውም። የነበራቸውን አወቀችላቸው።

የሄርማታዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰራፕዮንን ታሪክ ዛሬ ለባልደረባዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ይሄ የነቢዩ ንግግሮች፣ የሐዲስ፣ ምርመራ ይመስላል፤ ማን ከማን ሰማ እያልን የኛም ሊቃውንት እንዲህ ነው የሚያጣሩት» አለኝ። ደስ አለኝ። ግን ወዲያው መጽሐፈ ሄኖክን ጠየቀኝ። እናቴ ትቀበለዋለች፤ ወንድሜ አይቀበለውም። እሱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ አገልጋይ፣ ከአጂፕ

እህታችን፣ ከወንድምሽ ወገን ነኝና ልመልስ። እኛ 66 የምንለው መጻሕፍት ቆርጠን ስለጣልን አይደለም። ለብሉይ ኪዳን የምንከተለው አይሁድ በዕብራይስጥ የጠበቁትን ነው። እነሱ 24 ብለው ይቆጥሩታል፣ እኛ ከፋፍለን 39 እንላለን፤ ይዘቱ አንድ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 3፥2 የእግዚአብሔር ቃላት አደራ ለአይሁድ ተሰጠ ይላልና።

ይሁዳ በቁጥር 14 ሄኖክን መጥቀሱ እውነት ነው። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል። በመጠቀሱ ብቻ ቅዱስ መጽሐፍ አይሆንም። ጋሼ መምህር በ27ቱ ላይ ያሉትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም ውስጥ እንደዚያው ነው የምናስተምረው።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ አገልጋይ፣ በጨዋ ደንብ ስለመለስክ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ይሁዳ ሄኖክን የጠቀሰው ጳውሎስ ባለቅኔዎቹን እንደጠቀሰው አይደለም። «ሄኖክ ትንቢት ተናገረ» ነው ያለው። ለእኛ ይህ ክብደት አለው።

ልጄ፣ የሄኖክ ነገር እንዲህ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው፤ በእኛ ገዳማት። እ.ኤ.አ. በ1773 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን ቅጂዎች ይዞ አውሮጳ ገባ። አውሮጳ ሙሉውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የግእዙን መነኮሳት ፈጠሩት እንዳይባል፣ ኩምራን ላይ በአራማይስጥ ቁርጥራጮቹ ወጡ። ከ81ዱ አንዱ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ወጣ። ስለ ጥንታዊነታቸው ክርክር የለም።

ከአትናቴዎስ ዝርዝር ውስጥ ግን ሄኖክ የለም። ይህን ለባልደረባሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ቤተ ክርስቲያናችን በሄኖክ ጉዳይ የሄደችው በራሷ ትውፊት ነው። የ81 አቆጣጠርም ቢሆን አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሲኖዶስን፣ ኪዳንን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን ከሐዲስ ጋር ቆጥሮ ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ይላል። ሌላው ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27 ይላል።

እኔና አገልጋዩ የምንለያየው መጽሐፉ የእግዚአብሔር ነው በማለቱ ላይ አይደለም። ዳሩ ላይ ነው። እሱ ለብሉዩ ድንበር የዕብራውያንን ይዟል። እኔ መጽሐፉን ያቆየችልኝ ቤተ ክርስቲያን ያነበበችውን ይዣለሁ። ወንጌል ሲነበብ እናትሽና ወንድምሽ በየፊናቸው የሚሰሙት ግን ያንኑ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስን ነው። ሚዛን ላይ ያለው ወንድም «እናንተው ተስማሙ» ቢልሽ ይህን በይው። ስለ ክርስቶስ የሚመሰክሩት 27ቱ በሁላችንም ዘንድ አንድ ናቸው።

የሄርማታዋ

ገባኝ ጋሼ። ደግሞ ራሱ ማንበብ እፈልጋለሁ ብሎኛል። ከየት ይጀምር? አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበቡ ላይ ይቸገራል። ኦሮምኛ ነው የሚቀለው።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

እንግዲያው ከሉቃስ ይጀምር። በመጀመሪያዎቹ 4 ቁጥሮች ሉቃስ ራሱ እንዴት እንደጻፈው ይናገራል። ከመጀመሪያው በዓይን ያዩት እንዳስተላለፉልን፣ ሁሉን በጥንቃቄ ተከትዬ በተራው ልጽፍልህ አሰብሁ ይላል። «ሰው ከጻፈው» ብሎ ለጠየቀ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ለአንቺ ደግሞ ዮሐንስ 7፥17ን ያዢ። ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ትምህርቱ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያውቃል ይላል ጌታ። የካምፓሱ ልጅ የተናገረው የልብ ምስክርነት ቦታው እዚያ ነው።

በኦሮምኛ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው በእኛው ፊደል ነበር። የዛሬው በቁቤ ነው፤ ስልኩ ላይም ይጫንለታል። ሲያነብ የሚነሳበትን ጥያቄ ጽፈሽ እዚሁ አምጪው። አገልጋዩም እኔም እንመልሳለን።