ዳማዬ ኮርቻ አላስጭን አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የዘንገናው (ጠያቂ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ አራት ፈረሶች ይዤ እንግዳ አስጋልባለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ሰው ይመጣል። በሌላው ቀን የሰፈር ልጆችን ግልቢያ አስተምራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ችግሬ ዳማው ፈረሴ ላይ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፣ የተኮላሸ ሰንጋ ነው። ከአራቱም የዋሁ እሱ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ አስቀምጬበት፣ ልባቡን ሳልይዝ ከጎኑ እሄድ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ሌላ ፈረስ ሆኗል። ኮርቻውን ገና ሳነሳ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ጠፍሩን ሳጠብቅ ዞሮ ሊነክሰኝ ይላል። ባለፈው እሑድ አንድ እንግዳ እርካብ ረግጦ ሲወጣ ጀርባውን አጉብጦ ዘለለና ጣለው። ሰውየው ደህና ነው፣ ክርኑ ብቻ ነው የተላጠው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?

ሌላም አለ። ሽምጥ ሲጋልብ ከጉሮሮው ድምፅ ይወጣል። መጋዝ እንጨት ሲገዘግዝ የሚሰማው ዓይነት። ሲቆም ይተወዋል።

አንዱ ጠግቦ ነው ምታው ይለኛል። ሌላው ዓይን ገብቶበት ነው፣ ጠበል ውሰደው ይለኛል። ታኅሣሥ ገብቷል፣ ጥር 23 ደግሞ የፈረሰኞች በዓል ነው። ዳማውን ይዤ እንደምወጣ ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የቡሬው

ወንድሜ፣ ፈረስ ሰው ይፈትናል። አንድ ጊዜ ከጣለ ሁለተኛም ይሞክራል። እኔ እንዲህ ያለውን ጠንከር ያለ ልጓም አድርጌበት፣ የታረሰ መሬት ላይ እስኪያልበው አስጋልበዋለሁ። ሁለት ቀን አይፈጅም። ገብሱንም ቀንስለት። ሥራ ሳይበዛበት ገብስ የሚበላ ፈረስ ይቀብጣል።

ባሕር ዳር ጋጣ የምሠራ

የቡሬው ወንድሜ እንዳይከፋህ። በገብሱ እስማማለሁ፣ በልጓሙ ግን አልስማማም። ዕድሜውን ሙሉ የዋህ የነበረ ፈረስ በአንድ ወር እንዲሁ አይከፋም። ያመመው ነገር አለ። አፍ ስለሌለው በጆሮውና በጥርሱ ነው የሚነግርህ።

እኔ የፈረስ ጋጣ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ስገባ መጀመሪያ የማየው ያደረውን ነው። ድርቆሹን ጨርሷል? ፋንድያው እንደወትሮው ነው ወይስ ደረቀ? ውሃውስ ጎድሏል? ውሃ ካጠጣሁ በኋላ አራቱንም ኮቴ አንስቼ በደነዘዘ ብረት ጭቃውን እፈለፍላለሁ። ከኮቴው ሥር መሃል ላይ ያለውን ለስላሳውን ነገር ጠጋ ብዬ አሸታለሁ። የበሰበሰ ከሸተተኝ የጋጣው ወለል እርጥብ ነው ማለት ነው፣ ያን ቀን ጭዱን አውጥቼ ሌላ አነጥፋለሁ። ቀጥሎ ብሩሽ። ብሩሹን ብዙ ሰው ለውበት ብቻ ይመስለዋል። እጄ መላ አካላቱን የሚዳስሰው ግን ያኔ ነው። ትናንት ያልነበረ እብጠት፣ የሞቀ እግር፣ የተላጠ ቆዳ የማገኘው በብሩሽ ሰዓት ነው።

አሁን አንተ ይህን አድርግ። ሦስት ጣትህን ግጠም። ከጋማው መጨረሻ ጀምረህ፣ ከአከርካሪው ጎን ባለው ሥጋ ላይ ጫን እያልክ እስከ ወገቡ ውረድ። አጥንቱን አትንካ። መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። ጤነኛ ፈረስ ዝም ይላል። የታመመ ከሆነ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባውን ከእጅህ ሥር ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም ዞሮ ያይሃል።

ኮርቻውንም ገልብጠህ በመዳፍህ ዳብሰው። የሚቆረቁር ነገር ካለ እሱንም እዚያው ቦታ ላይ ይቆረቁረዋል። ሌሎቹን ስታስጋልብም ኮርቻ ካወረድክ በኋላ ላባቸውን እይ። በራሰው መሃል ደረቅ ቦታ ካየህ፣ ኮርቻው እዚያ ላይ ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው።

የዘንገናው (ጠያቂ)

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ጠዋት እንዳልሽው አደረግሁ። በቀኙ ዝም አለ። በግራው፣ ከጋማው መጨረሻ አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብዬ ስጫን ወገቡ ክው ብሎ ዝቅ አለና ዞሮ እጄን በአፍንጫው ገፋው። አልነከሰኝም። ገፋኝ ብቻ። እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ።

ፀጉሩን ስገልጥ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጭ ቦታ አለች። አጠገቧ ቆዳው ተልጦ እርጥብ ሆኗል። ኮርቻውን ገለበጥኩት። የግራው ሙላት ተበልቶ እንጨቱ በቆዳው ውስጥ ይታወቃል። የራሱ ኮርቻ መስከረም መጨረሻ ላይ ተሰብሮ የሌላውን ፈረሴን፣ የአምባላዩን፣ አዙሬለት ነበር። አምባላዩ ሰፊ ጀርባ አለው፣ ዳማው ቀጭን ነው። ፈጽሞ አላሰብኩትም።

የቡሬው

ቁስል ካለማ ሌላ ነገር ነው። ጀርባውን አይተኸዋል ብዬ ነው የተናገርኩት። ልጓሙን ተወው፣ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ባሕር ዳር ጋጣ የምሠራ

ነጩ ፀጉር የዳነ ቁስል ነው። ኮርቻው እዚያ ቦታ ላይ የቆየ ጠባሳ ትቶበታል። አሁን ቁስሉ ሽሮ፣ ፀጉር አውጥቶ፣ በጣት ስትጫነው ዝም እስኪል ድረስ ምንም ነገር ጀርባው ላይ አታድርግ። ጨርቅም ቢሆን። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምር፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ እጠበው። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ አመድ የሚሉህን አትስማ። ሥጋውን ያቃጥሉታል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ማርቆስ

የጀርባው ነገር በደንብ ተይዟል። አንድ ልጨምር፤ ፈረስ ቁስል ሲኖረው ለመንጋጋ ቆልፍ በጣም የተጋለጠ ነው። ወረዳችሁ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ወስደህ አሳየው፣ ክትባት ካለም ጠይቅ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ድምፁ ነው። ሦስት ነገር መልስልኝ። ሙቀቱን ለክተሃል? የጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጧል? ይህን የምጠይቅህ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ከክረምት መውጫ ጀምሮ በትንኝ ስለሚተላለፍና ፈጥኖ ስለሚገድል ነው። ሦስተኛ፣ ምን ምን ትመግበዋለህ? አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ።

የዘንገናው (ጠያቂ)

ዶክተር አመሰግናለሁ። ክሊኒክ ወስጄው ሙቀቱ 38.1 ነው ተባልኩ። ዓይኑ ላይ እብጠት የለም፣ ይበላል ይጠጣል። መኖው ቀን ግጦሽ፣ ማታ ድርቆሽና የጤፍ ጭድ ነው። በሥራ ቀን ሁለት ጣሳ ገብስ እሰጥ ነበር። ገብሱ ሲወደድብኝ ከመስከረም ጀምሮ ከቢቸና በኩል የመጣ የተከካ ጓያ ገዝቼ ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ። ዳማው ስለከሳ ለእሱ በርከት አደርግለታለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ማርቆስ

ጓያውን ዛሬውኑ አቁም። ለአራቱም።

ጓያ የሰውን እግር እንደሚሰብር ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። ፈረስን ከከብት ይልቅ እንደሚጎዳ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል። ፈረስ ላይ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ይሄው አንተ የምትለው ድምፅ ነው። ጉሮሮውን የሚከፍተው ጡንቻ ነርቩ ሲደክም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ቆሞ ሳለ የሚበቃው አየር ሲሮጥ አይበቃውም፣ በጠበበው ቦታ ሲያልፍ ያጓራል። ሲብስ የኋላ እግሮቹ ይደክማሉ። ወደ ኋላ ስታስኬደው ወይም በጠባብ ቦታ ሲዞር ኮቴውን መሬት ላይ እየጎተተ እንደሆነ እይ። እኔ በዓይኔ ሳላየው እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፣ ነገር ግን ጓያው መስከረም ላይ፣ የፈረሱ ለውጥ ጥቅምት ላይ መጀመሩ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነው። ጓያውን ማቆም ምንም ጉዳት የለውም። አሁን አታስሩጠው፣ አየር አጥሮት ሊወድቅ ይችላል።

ክሳቱን በጥራጥሬ አትመልሰው። የፈረስ ዋና ምግቡ ሳርና ድርቆሽ ነው። በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ጥራጥሬ ከሰጠህም በትንሽ በትንሹ ይሁን፣ ሆዱ ጠባብ ነው። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ ስለማይችል ሆዱ ከተነፋ መውጫ የለውም።

ክብደትን ካነሣሁ፣ ያ የጣለው እንግዳ ስንት ኪሎ ይሆናል? በሜትር፣ በሳንቲሜትር እየቆጠርክ፣ ደረቱን ዙሪያውን ለካ፣ ከፊት እግሩ ኋላ ማለት ነው። ከዚያ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ለካ። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ኪሎውን ይነግርሃል።

የዘንገናው (ጠያቂ)

ለካሁ። ደረቱ 145 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 135። 239 ኪሎ መጣ። እንግዳው ከ80 ኪሎ አያንስም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ማርቆስ

ፈረስ ከኮርቻው ጋር ከክብደቱ 20 በመቶ ባይበልጥበት ይመከራል። ለዳማው 48 ኪሎ ያህል ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ቢሆን ለጋላቢው 40 ይቀራል። ጀርባው ሲድን ልጆችን ይሸከም። ትልልቅ ሰው አይቻለውም። በር ላይ ሚዛን አስቀምጥና ለእንግዳው በትሕትና አስረዳው፣ ይገባዋል።

የአገው ፈረሰኛ

ልጄ፣ አባትህን ሳላውቀው አልቀርም። እኔም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነኝ፣ አባቴም ነበር። ማኅበራችን በ1932 ዓ.ም ሲመሠረት ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። የታመመ ፈረስ ጭኖ ሜዳ መውጣት ለዚያ መታሰቢያ አይመጥንም። አባትህን እኔ አነጋግረዋለሁ። ዘንድሮ ዳማው ቤቱ ይዋል።

ሲድን ደግሞ እንዳትቸኩል። ጀርባው ቢድንም ሕመሙን አይረሳውም። ኮርቻ ሲያይ ያ ሕመም ይመጣበታል። መጀመሪያ ኮርቻውን ጋጣው በር ላይ አስቀምጠህ አጠገቡ ገብስ አብላው። ዝም ብሎ ሲበላ በሚቀጥለው ቀን ጨርቁን ብቻ ጀርባው ላይ ጣል፣ አንሣ። ጆሮው ወደ ኋላ ካልሄደ ድገም። ከሄደ ግን ትናንት የነበርክበት ተመለስ፣ አትቆጣው። ከዚያ ኮርቻውን ያለ ጠፍር። ከዚያ ጠፍሩን ላላ አድርገህ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ። በረጅም ገመድ ይዘህ ዙሪያህን በእርምጃ አስኪደው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ሰው የሚወጣበት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ አንዱን መጋላ ፈረስ በዚህ መንገድ መልሼዋለሁ። አርባ ቀን ፈጅቶብኛል።

ኮርቻውንም ለዳማው ጀርባ ለክተህ አሠራ። በአከርካሪው ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሲታይ ብርሃን ማሳለፍ አለበት።

የዘንገናው (ጠያቂ)፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ

አያ፣ ዶክተር፣ እኅቴ፣ የቡሬው ወንድሜም፣ እንዴት ከረማችሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቁስሉ ድኗል፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው። ጓያውን ያን ቀን ነው ያቆምኩት። የኋላ እግሩ ደህና ነው፣ አይጎትትም። ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም። በሶምሶማ አይሰማም፣ በገመድ ላይ ትንሽ ሲፈጥን ይሰማል። ሐኪሙም ላይለቀው ይችላል ብሎኛል። ስለዚህ ሽምጥ ከእንግዲህ ለዳማው ቀርቷል።

ጥር 23 አባቴን ይዤ በእግር ሄድን። አያ ቀድመው ነግረውት ስለነበር አንድም ቃል አልተናገረኝም። ማታ ስንመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋጣ ነው።

አዲሱ ኮርቻ ተሠርቷል። ሚዛንም ገዝቻለሁ፣ አንድ እንግዳ ብቻ ነው የተቀየመው። ትናንት ጨርቁን ጀርባው ላይ ጣልኩ። ጆሮው ወደ ፊት ነበር፣ ገብሱን እያኘከ ነበር። ኮርቻውን ያለ ጠፍር ነገ ልሞክር ወይስ ጨርቁን ጥቂት ቀን ልድገም?

የአገው ፈረሰኛ

ሦስት ቀን ድገም ልጄ።