ሒሳቡን ዘግቼ እወጣለሁ፣ ጭንቅላቴ ግን አይዘጋም
ባንክ ውስጥ ቴለር ነኝ፤ አራት ዓመት ሆነኝ። ቅርንጫፋችን መርካቶ ነው፤ ሰልፉን አስቡት። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ማታ ሒሳብ መዝጋት ነው። ባለፈው ወር 3,200 ብር ጎደለኝ፤ ከኪሴ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወስዶኝም ጣቶቼ ብር ይቆጥራሉ። ቀልዴን አይደለም፣ ያየችው ባለቤቴ ናት።

ድሮ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳልደግም አልተኛም ነበር። አሁን የሰኞውን እጀምርና መሃል ላይ «ያቺን ባለ 200 እስር ቆጥሬያት ነበር?» እላለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳሁ መጸለይ ሞከርኩ፤ ሳምንት ሳይሞላኝ መስኮቱ ላይ ማንቀላፋት ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ትንሽ ያረጋጋኛል፤ ወር መጨረሻ ላይ ግን ምሳ የሚባል ነገር የለም። የንስሐ አባቴ «አሳጥረው፣ ግን አታቋርጥ» አሉኝ። ማሳጠሩን ችዬበታለሁ! ሥራውን እንዳልለቅ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ገንዘብ ስትቆጥሩ የምትውሉ ሰዎች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት እስክትደርሱ ሒሳቡን ከጭንቅላታችሁ የምታወጡት ምን እያደረጋችሁ ነው?